ዕዳ ያለበት ውርስ

በዛሬይቱ ሴኔጋል ምሥራቃዊ ክፍል ቡንዱ የምትባል አገር ነበረች። የአገሪቱ ኢማም ልጅ አዩብ ኢብኑ ሱለይማን ቁርኣንን በቃሉ የያዘ፣ ዐረብኛ አሳምሮ የሚጽፍ፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ የሆነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1730 አባቱ ሁለት ሰዎች አስይዞ ወደ ጋምቢያ ወንዝ ላከው። እዚያ መልሕቁን ለጣለ የእንግሊዝ መርከብ ሰዎቹን ሸጦ ወረቀትና ሌላም ዕቃ ገዝቶ እንዲመለስ ነበር የታዘዘው። አዩብ ከመርከቡ ካፒቴን ጋር በዋጋ ስላልተስማማ ወንዙን ተሻግሮ ሁለቱን ሰዎች በከብት ለወጣቸው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ወንበዴዎች ደርሰው ያዙት። ራሱንና ጺሙን ላጭተው የጦር ምርኮኛ አስመሰሉትና ወስደው ሸጡት። የገዛው ያው በዋጋ ያልተስማማው ካፒቴን ነበር።

አዩብ ማንነቱን ባስረዳ ጊዜ ካፒቴኑ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ ከላኩ እንደሚለቀው ነገረው። መልእክተኛ ተላከ። ቡንዱ ሩቅ ነበርና መልስ ሳይመጣ መርከቡ ተነሳ። የኢማሙ ልጅ በአሜሪካ ሜሪላንድ በትምባሆ እርሻ ላይ ባሪያ ሆነ። ለአባቱ በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ በለንደን ሰዎች እጅ ስለገባ ታሪኩ ታወቀለት፤ በ1733 ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እዚያም ቁርኣንን ሦስት ጊዜ ከአእምሮው ገለበጠ፤ ነፃ ወጥቶ በ1734 ወደ ጋምቢያ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ለኩራት ሲጠቀስ እንሰማለን። ሁለት ነገሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላሉ። አንደኛው፣ አባቱ መርከቡ ከሄደ በኋላ ለልጁ ማስለቀቂያ ብሎ የላከው ሌሎች ባሮችን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አዩብ ራሱ ጋምቢያ በደረሰ ጊዜ በስጦታ ካገኘው ዕቃ ላይ ቀንሶ ሁለት ፈረሶችና አንዲት ሴት ባሪያ መግዛቱ ነው። ይህን የጻፈው በወቅቱ አብሮት የነበረ የእንግሊዝ ኩባንያ ሠራተኛ ነው።

ውድ አንባቢያን! የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። መጽሐፉን በቃሉ የያዘ፣ ሰንሰለቱን በእግሩ የቀመሰ፣ ባሕሩን ተጭኖ የተሻገረ ሰው ሌላ ሰው ለመግዛት እጁ እንዴት ታዘዘለት?

‹‹በዚያ ዘመን ሁሉም ያደርገው ነበር›› የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ጥያቄውን ወደ ኋላ ከመግፋት በቀር አይመልሰውም። ሁሉም የሚያደርገው እንዴት ሊሆን ቻለ? እኔ እንደሚመስለኝ የባሪያ ንግድ በአፍሪካ ላይ ካደረሰው ጉዳት ሁሉ ዕድሜው የረዘመው እዚህ ላይ ያለው ነው። ንግዱ ሰዎችን ወስዶ ብቻ አልሄደም። በቀሩት ሰዎች ዓይን ውስጥ አንድ መስመር አስምሮ ሄደ። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ‹‹ሰው›› ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ዋጋ የሚወጣለት ነው። አዩብ የተበደለው ከመስመሩ ወዲህ ሳለ ወደ ወዲያ ስለተወረወረ ነው። ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩ እዚያው ነበር፤ እሱም አላየውም።

ከቁጥሩ እንጀምር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን መርከብ ላይ ተጭነዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ባሕር ላይ አልቀዋል። በሰሐራ በረሃ፣ በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስ በኩል ከ1400 እስከ 1900 ባለው ጊዜ የተወሰዱት ደግሞ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ይገመታሉ፤ እነዚህ መንገዶች ከዚያ በፊትም ለብዙ መቶ ዓመታት ክፍት ነበሩ። በአትላንቲክ በኩል በብዛት የሄዱት ወንዶች ሲሆኑ በሰሐራና በቀይ ባሕር በኩል የሄዱት በብዛት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ።

ይሁንና ቁጥሩ የነገሩን ግማሽ እንኳ አይነግረንም። ጨው ከመሬት ይቆፈራል፤ ቡና ከዛፍ ይለቀማል፤ ባሪያ የሚባለው ሸቀጥ ግን ከሰው ቤት ነው የሚወጣው። አንድ አገር ባሪያ መሸጥ ሲጀምር ሸቀጡን የሚያመጣለት ጦርነት፣ አፈና፣ የሐሰት ክስና ክህደት ነው። የኮንጎው ንጉሥ አፎንሶ በ1526 ለፖርቹጋል ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴዎቹ የአገሩን ልጆች፣ የመኳንንቱን ልጆች፣ የራሱን ዘመዶች ሳይቀር እያስያዙ እንደሚወስዱና አገሩ ባዶ እየሆነ መምጣቱን በምሬት ገልጿል። የሚይዙት ግን ፖርቹጋሎቹ ብቻ አልነበሩም፤ የውጭ ዕቃ ያማራቸው የገዛ ተገዢዎቹም ነበሩበት።

በምዕራብ አፍሪካ በብዙ ቦታዎች ቀድሞ በካሳ ያልቅ የነበረ ጥፋት ቅጣቱ መሸጥ ሆነ። ዳኛው ከፍርዱ ትርፍ የሚያገኝ ከሆነ ወንጀለኛ አይጠፋም። በዕዳ መያዣነት የተሰጠ ልጅ ወደ ባሕር ተነድቶ ቀረ። ጠመንጃ ለመግዛት ባሪያ ያስፈልጋል፤ ባሪያ ለመያዝ ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ ጎረቤትህ ካለው አንተም ከሌለህ ሸቀጡ አንተ ነህ። በዛሬይቱ ቤኒን ጋንቪዬ የምትባለው መንደር ሐይቅ ላይ በእንጨት ምሰሶ የተሠራችው ሰዎቹ ከዳሆሜ ባሪያ አዳኞች ሸሽተው ውሃ ላይ መኖርን ስለመረጡ ነው። ንግዱ ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መንደሯ ግን ዛሬም ውሃ ላይ ናት።

በሰው ልብ ውስጥም እንዲህ ያለ መንደር አለ። ናታን ነን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2008 ባወጣው ጥናት ብዙ ባሪያ የወጣባቸው የአፍሪካ አገሮች በአጠቃላይ ሲታዩ በዘመናችን ይበልጥ ድሃ ሆነው መገኘታቸውን አሳየ። በ2011 ደግሞ ከቤኒን ተወላጁ ሊዮናርድ ዋንቼኮን ጋር ሆኖ የ17 የአፍሪካ አገሮችን የሕዝብ አስተያየት መረመረ። አያቶቻቸው አብዝተው የተዘረፉባቸው ብሔረሰቦች ልጆች ዘመዶቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውንና የአካባቢ ሹሞቻቸውን የሚያምኑት ከሌሎቹ ባነሰ ደረጃ ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ላይ ሊከራከሩ ይችላሉ። ነገሩ ግን ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። አጎቱ የሸጠው ሰው ልጁን ‹‹አጎትህን እመን›› ብሎ አያሳድግም። እምነት የሌለበት አገር ደግሞ ሱቅም፣ ማኅበርም፣ መንግሥትም አይጸናለትም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህ ርዕስ በእኛ በሙስሊሞች መካከል በተነሳ ቁጥር የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው። የባሪያ ንግድ የነጮች ወንጀል ነው እንላለን። እስልምና ለባሮች ነፃነት መንገድ ጠርጓል እንላለን። ከዚያም የቢላልን (ረ.ዐ) ስም ጠርተን ውይይቱን እንዘጋለን።

በመሠረቱ ሁለተኛው አባባል እውነት ነው። ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ (ሱ.ወ) ራሱ እንደሚሆን በሐዲስ አል-ቁድሲ ተነግሯል። ከስምንቱ የዘካ ድርሻዎች አንዱ ለባሮች ነፃ መውጫ የተመደበ ነው። መሐላውን ያፈረሰ፣ በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ማካካሻ ከሚሆኑለት ነገሮች መካከል ባሪያ ነፃ ማውጣት አለ። ሠርቶ ራሱን ማስለቀቅ የሚፈልግ ባሪያ ውል እንዲጻፍለት ታዟል። በሱረቱል በለድ ከባዱ አቀበት ምን እንደሆነ ሲብራራ በመጀመሪያ የተጠቀሰው ከባርነት ነፃ ማውጣት ነው።

ግን ይህን ሁሉ አዩብም ያውቅ ነበር። አባቱም ኢማም ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ያማረ በሆነ ቁጥር በእኛ ላይ ያለው ክስ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ያላወቀ ሰው ‹‹አላወቅሁም›› ይላል፤ እኛ ይህ ምክንያት የለንም።

ዑለማኦቻችን ዝም አላሉም። የቲምቡክቱው ታላቅ ዓሊም አሕመድ ባባ የሞሮኮ ጦር በ1591 አገራቸውን ከወረረ በኋላ ተይዘው ወደ ማራካሽ የተወሰዱ ሰው ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1615 ገደማ ከሰሐራዋ ቱዋት ለቀረበላቸው ጥያቄ በጻፉት መልስ፣ ጥቁርነት ለባርነት ምክንያት እንደማይሆንና ነፃ ሙስሊም በየትኛውም መንገድ ሊሸጥ እንደማይችል በግልጽ አስቀመጡ። በፉታ ቶሮም በ1776 ዑለማኦች ሥልጣን ሲይዙ አልማሚ ዐብዱልቃድር ሙስሊሞች እንዳይሸጡ ከለከሉ። እነዚህ ሊያኮሩን የሚገቡ ሥራዎች ናቸው። ያም ሆኖ መስመሩ ተገፋ እንጂ አልጠፋም። ነጋዴው ከፈትዋው የሚመቸውን ግማሽ ወሰደ። ‹‹ሙስሊሙ አይሸጥም›› የሚለውን ሰምቶ ‹‹እንግዲያው ሌላው ይሸጣል›› ብሎ ተረጎመው። ያኛው ሰው የተያዘው በሸሪዓ በተፈቀደ ጦርነት ነው ወይስ ሌሊት ጎጆው ተከቦ ነው ብሎ የጠየቀ በገበያው ላይ አልነበረም። ይህን ጥያቄ በአዋጅ ያነሳው የቱኒዚያው ገዢ አሕመድ ቤይ ነው። በ1846 ባርነትን ሲከለክል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በገበያ የሚሸጡት ሰዎች አያያዝ ሕጋዊነት አጠራጣሪ መሆኑ ነበር። ይህ የሆነው ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ለመጨረሻ ጊዜ ከመከልከሏ 2 ዓመት፣ አሜሪካ ከመከልከሏ 19 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1962፣ ሞሪታኒያ ደግሞ በ1981 ከለከሉ። ያው መጽሐፍ በሁሉም ዘንድ ነበር።

የእኛይቱ ኢትዮጵያስ? በአገራችን ነገሩ በሁለት ሃይማኖቶች መካከል የሥራ ክፍፍል የተደረገበት ይመስል ነበር። ክርስቲያኑ ባሪያ እንዳይነግድ በፍትሐ ነገሥቱ ቢከለከልም ገዝቶ ከማሳደር አልተከለከለም። ንግዱ በብዛት የሙስሊም ነጋዴዎች ሆነ። ከካፋና ከሌሎች የደቡብና የምዕራብ አገሮች የተያዙ ልጆች በቦንጋ፣ በጅማው የሂርማታ ገበያና በሌሎችም እያለፉ ወደ ምፅዋ፣ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይነዱ ነበር። ከአሶሳ በኩል ሼኽ ኾጀሌ ለአፄ ምኒልክ ወርቅና ባሪያ ይገብሩ ነበር። የጉሙዝን፣ የበርታንና የሌሎችንም ሕዝቦች ስም ትተን በጅምላ የሰጠናቸው መጠሪያ ለዘመናት ‹‹ሊያዝ የተፈቀደ›› እንደማለት ሆኖ ኖረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1923) የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1942) በወጣው አዋጅ ነው። ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው። ያን አዋጅ በልጅነታቸው የሰሙ አረጋውያን በመካከላችን ኖረዋል።

አዋጁ ገበያውን ዘጋ። ቋንቋችንን ግን አልነካውም። በመስጊድ ‹‹የአላህ ባሪያ›› መባል ከማዕረግ ሁሉ የላቀ ማዕረግ ነው፤ ልጆቻችንን ዐብዱላህ፣ ዐብዱረሕማን እያልን የምናወጣላቸው ስም ትርጉሙ ይኸው ነው። ከመስጊዱ ደጃፍ እንደወጣን ያው ቃል በጠብ ጊዜ የሚወረወር የመጨረሻ ስድብ ይሆናል። ‹‹ጨዋ›› የምንለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱ። ዛሬ ሥርዓት ያለው፣ የታረመ ሰው ማለት ነው። ‹‹የጨዋ ልጅ›› ስንል ግን ከሥሩ ያለው ትርጉም ‹‹ባሪያ ያልሆነ›› የሚል ነው። ልጃችንን ስናመሰግን ሳናውቀው የሌላውን ልጅ አያት እንሰድባለን።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ነገር ልጥቀስ። ዲኑን የሚጠብቅ፣ የተማረ፣ ሥራ ያለው ወጣት ሽማግሌ ይልካል። በልጅቷ ቤት ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው ተመርቀው ይሸኛሉ። ከዚያ ‹‹የማን ልጅ ነው?›› የሚለው ማጣራት ይጀመራል። በሦስተኛው ሳምንት ‹‹ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ ብለናል›› የሚል መልስ ይመጣል። ትምህርት ሰበብ ነው። አንዲት አሮጊት ‹‹አጥንታቸው እንዲህ ነው›› ብለው በጆሮ ተናግረዋል። የወጣቱ ቅድመ አያት ከአንድ ነጋዴ ቤት ያደገች፣ ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ሴት ነበረች። እዚያው ቤት ሸሃዳ ይዛ፣ ሰግዳ፣ ጾማ ሞታለች። የልጅ ልጇ ልጅ በጁምዓ ሶላት ከልጅቷ አባት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ›› ተብሎ ሰፉ ሲፈርስ ያ መስመር ተመልሶ ይሰመራል።

‹‹ከፋኣ በሸሪዓ አለ›› የሚል ይኖራል። ዑለማኦች በጉዳዩ ላይ መወያየታቸው እውነት ነው፤ ኢማም ማሊክ ግን ከፋኣን በዋናነት በዲን እንደሚለኩት የታወቀ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአክስታቸውን ልጅ ዘይነብን ነፃ ለወጣው ለዘይድ ድረዋል፤ የቁረይሿን ፋጢማ ቢንት ቀይስን የዘይድን ልጅ ኡሳማን እንድታገባ መክረዋል። አንድ ሰሓባ ሌላውን በእናቱ በሰደበው ጊዜ ውስጡ ጃሂሊያ እንዳለ ነግረውታል። በአንዳንድ ዘገባዎች የተሰደበው ቢላል ነው። ቢላልን የምንወድ ሰዎች የቢላልን ልጅ ለልጃችን የማንፈቅድ ከሆነ የምንወደው ቢላልን ነው ወይስ ስሙን?

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ‹‹አያቴ ለሠራው እኔ ምን አደረግሁ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አንዲት ነፍስ የሌላዋን ነፍስ ኃጢአት እንደማትሸከም ቁርኣናችን ደጋግሞ ያስተምረናል። ስለዚህ ማንኛችንም በሂርማታ ገበያ ስለተሸጠ ሰው በወንጀለኝነት አንጠየቅም። ግን ኃጢአት አይወረስም ማለት ዕዳ የለም ማለት ነውን?

የውርስ ሕጋችንን እናስታውስ። ሰው ሲሞት ከተወው ሀብት ላይ በመጀመሪያ የቀብሩ ወጪ ይሸፈናል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ከዚያ ኑዛዜው ይፈጸማል፤ ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ወራሹ ለሟቹ ዕዳ ከገዛ ኪሱ እንዲከፍል አይገደድም። ነገር ግን ዕዳው ሳይከፈል ሀብቱን ወስዶ ‹‹ዕዳው የአባቴ ነው፣ ሀብቱ የእኔ ነው›› ሊል አይችልም።

ታዲያ እኛ ምን ወረስን? የባሪያ ነጋዴዎቹ ገንዘብ በየት በየት እንደሄደ ዛሬ ማንም ለይቶ አያውቅም። የግመሎቹ ቅፍለት ቀርቷል። ሳይጎድል ሳይሸራረፍ የደረሰን ውርስ ያ ጨዋነት ነው። ‹‹እኛ እንዲህ ያለን ሰዎች ነን፣ እነሱ እንዲያ ያሉ ናቸው›› የሚለው ማዕረግ ነው። ይህን ማዕረግ አልሠራንበትም፤ በትምህርት ወይም በተቅዋ አላገኘነውም። ሌላው ዝቅ ስለተደረገ ብቻ ከፍ ብሎ የተገኘ ነው። ዕዳው የሚከፈለውም ከዚሁ ላይ ነው። ያን ማዕረግ የማይተው ሰው በአያቱ ኃጢአት ሳይሆን ዛሬ በእጁ በያዘው የሰው ሐቅ ይጠየቃል።

አከፋፈሉ ደግሞ ረቂቅ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ሲላክ ‹‹ሶላቱስ? አመሉስ?›› ብሎ ጠይቆ፣ የአጥንት ጥያቄ ሲነሳ ‹‹ይህን በቤቴ አታንሱብኝ›› ማለት ነው። ኢማሞቻችን ስለ ቢላል በሚናገሩበት ኹጥባ የጅማንና የታጁራን መንገድም ቢጠቅሱ ነው። በመድረሳ ለልጆቻችን የአሕመድ ባባን ፈትዋ ስናስተምር የነጋዴዎቻችንንም ሥራ ሳንደብቅ ማስተማር ነው። በየመንደሩ የጎረቤቱን ልጅ ‹‹ሥራ አገኝላታለሁ›› ብሎ ለማያውቀው አገር አሳልፎ የሚሰጠውን፣ ፓስፖርቷ ሲቀማና ደመወዟ ሲቀር ስልኩን የሚያጠፋውን ደላላ፣ የሚያገባን ጉዳይ አድርገን ማየት ነው። ያ ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው፤ የጥንቱም ንግድ ያገኘው በር ይኸው ነበር።

አዩብ ከታሪክ የተሰወረ ሰው አይደለም። በለንደን በ1733 የተሳለው ሥዕሉ አለ፤ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀዋል፤ የአባቱን፣ የአያቱን ስም እናውቃለን። ከሁለቱ ፈረሶች ጋር የተገዛችው ሴት ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያላት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ አልተጻፈም። የማን ልጅ እንደሆነች ማንም አልጠየቀም። እኛ ዛሬ ‹‹የማን ልጅ ነው?›› እያልን የምንጠይቃቸው የእሷንና የመሰሎቿን ልጆች ነው። የማን ልጅ መሆናቸውን እንዳያውቁ ያደረጋቸው ማን እንደነበረ ግን እኛ እናውቃለን።

ወላሁ አዕለም።